ጆን ማርሻል፤ ያለ ሰይፍና ያለ ገንዘብ ሕግን ያስከበረ ዳኛ

ባገራችን የቆየ ልማድ አለ። ሁለት ሰዎች በመንገድ ተጣልተው አንደኛው ዱላውን ሲያነሣ፣ ሌላው በሕግ አምላክ ብሎ የጠራው እንደ ሆነ ዱላ ያነሣው ሰው ክንዱን ያወርዳል። የጠራው ሰው ወታደር አላስከተለም፤ ገንዘብም አልሰጠም። ጉልበተኛውን ያቆመው ከሁለቱም በላይ የሆነ ሕግ አለ የሚለው እምነት ብቻ ነው። የፍርድ ቤትም ኃይል ሥር መሠረቱ ቢመረመር ከዚህ የተለየ ሆኖ አይገኝም። ጦሩን የሚያዝዘው አስፈጻሚው ነው፤ የመንግሥቱን ገንዘብ የሚመድበው ምክር ቤቱ ነው፤ ለዳኛው የቀረው ብዕሩና የሚሰጠው ምክንያት ነው።

ታዲያ በአንድ አገር ውስጥ የመላው አገር መንግሥትና የየክፍሉ መንግሥታት በሕገ መንግሥት ሥልጣን ተካፍለው ሲኖሩ፣ አንዱ ከድርሻው አልፎ የሌላውን ቢነካ በሕግ አምላክ ብሎ የሚያቆመው ማነው? ለዚህ ጥያቄ በሥራ መልስ ከሰጡት ሰዎች ቀዳሚው ለሠላሳ አራት ዓመታት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የነበረው ጆን ማርሻል ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ አይታይ። ከወላይታ ሶዶ ብዙ ሳይርቅ በምትገኘው በጉኑኖ፣ በዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ፣ የዜግነት ትምህርት የሚማር ተማሪ ወይም በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመረ ወጣት ይኸው ጥያቄ በየቀኑ በደጁ ያልፋል። በከተማው ያለው ፍርድ ቤት የክልል ፍርድ ቤት ነው፤ የሚሠራበት ሕግ ግን ከፊሉ የክልል፣ ከፊሉ የፌዴራል ነው። የወላይታም ሕዝብ በ2015 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አባል የሆነው ሕገ መንግሥቱ በከፈተው መንገድ ነው። ስለዚህ የማርሻልን ሕይወት መመርመር የራስን ቤት ለማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካውን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እናቀርበዋለን።

ልደቱና አስተዳደጉ

ጆን ማርሻል የተወለደው በመስከረም 24 ቀን 1755 በቨርጂኒያ ጠረፍ ነው። ቨርጂኒያ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ አገር ነበረች። አባቱ ቶማስ ማርሻል መሬት ቀያሽ ሲሆን ከጆርጅ ዋሽንግተን ጋር ወዳጅነት ነበረው። እናቱ ሜሪ ኪዝ የቄስ ልጅ ነበረች። ጆን ለወላጆቹ ከተወለዱት አሥራ አምስት ልጆች የመጀመሪያው ነው። ቤታቸው ከግንድ የተሠራ፣ አካባቢውም ጫካ ስለ ነበረ፣ ልጁ ታናናሾቹን በመጠበቅና አባቱን በሥራ በመርዳት አደገ።

ትምህርት ቤት የገባው ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በዚያም ኋላ አምስተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ሞንሮ አብሮት ተምሯል። ከዚያ በኋላ በቤታቸው የተቀመጠ አንድ ቄስ የላቲን ቋንቋ አስተማረው። ከሁሉ ይልቅ ግን ያስተማረው አባቱ ነው። ቶማስ ማርሻል ዊልያም ብላክስቶን ስለ እንግሊዝ ሕግ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ገዝቶ ልጁ እንዲያነበው አደረገ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ፣ መጽሐፉ ጥቂት በሆነበት አገር የሚኖር ወጣት ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ ጥቂት መጽሐፍ ደጋግሞ ያነበበ ሰው ብዙ መጽሐፍ ገልጦ ካለፈው ሰው ይልቅ ያውቃል።

ከጦር ሜዳ የተገኘ ትምህርት

በ1775 አሜሪካኖች በእንግሊዝ ላይ ሲነሡ ማርሻል ከአባቱ ጋር ዘመተ። በብራንዲዋይን፣ በጀርመንታውንና በሞንመዝ ጦርነቶች ተዋጋ። ከ1777 እስከ 1778 ባለው ክረምት ከዋሽንግተን ሠራዊት ጋር በቫሊ ፎርጅ ሰፍሮ ብርዱንና ረኃቡን ቀመሰ። ወታደሩ ጫማ አጥቶ በበረዶ ላይ ይሄድ ነበረ፤ ብዙዎችም በበሽታ ሞቱ።

ረኃቡ የመጣው አገሩ እህል ስላጣ አልነበረም። አሥራ ሦስቱ ስቴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንግሥት ነበራቸው፤ የሁሉም የሆነው ኮንግሬስ ግን ስንቅና ገንዘብ ከመለመን በቀር የማስገደድ ሥልጣን አልነበረውም። አንዱ ስቴት ሲያዋጣ ሌላው ዝም ይላል፤ በመካከል ወታደሩ ይራባል። ማርሻል ኋላ እንደ መሰከረው፣ አሜሪካን እንደ አገሩ፣ ኮንግሬስንም እንደ መንግሥቱ መቁጠር የለመደው በዚህ ሠራዊት ውስጥ ነው። ከመላው አገር የመጡ ሰዎች አብረውት ሲራቡና ሲሞቱ አይቷልና ከዚያ በኋላ ቨርጂኒያዊ ብቻ ሆኖ ሊቀር አልቻለም።

ጠበቃና መልእክተኛ

በ1780 በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ታዋቂው መምህር ጆርጅ ዊዝ የሚሰጠውን የሕግ ትምህርት ለጥቂት ሳምንታት ተከታተለና በዚያው ዓመት የጥብቅና ፈቃድ ተቀበለ። በ1783 ሜሪ አምብለር የምትባለውን ወጣት አገባ። ከወለዷቸው አሥር ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት ስድስቱ ብቻ ናቸው። ባለቤቱም በዚህ ኀዘን ምክንያት ዘመኗን ሙሉ ጤና አጣች፤ ማርሻልም እስክትሞት ድረስ በትዕግሥት አስታመማት።

በ1787 አዲሱ ሕገ መንግሥት ተረቅቆ በየስቴቱ ለማጽደቅ በቀረበ ጊዜ የቨርጂኒያ ጉባኤ በ1788 በሪችመንድ ተሰበሰበ። ፓትሪክ ሄንሪን የመሰሉ ታላላቅ ተናጋሪዎች ይህ ሕገ መንግሥት የስቴቶችን ነጻነት ይበላል ብለው ተቃወሙት። ማርሻል የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበረ፤ በተለይ ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚናገረውን ክፍል እንዲያስረዳ ተመደበ። ኮንግሬስ ከተሰጠው ሥልጣን ውጭ ሕግ ቢያወጣ ዳኞች ያን ሕግ ከንቱ ያደርጉታል ሲል ተከራከረ። ጉባኤውም በ89 ድምፅ ለ79 ሕገ መንግሥቱን አጸደቀ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በፍርድ ወንበር ላይ የሚፈጽመውን ነገር በዚያ ቀን በቃል ተናግሮት ነበረ።

በ1797 ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ወደ ፈረንሳይ ላከው። የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ታሌይራን መልእክተኞቹን ከማነጋገሩ በፊት በሰዎቹ በኩል ከፍ ያለ ጉቦ ጠየቀ። ማርሻልና ጓደኞቹ እምቢ አሉ። ማርሻል በ1798 ሲመለስ ሕዝቡ በታላቅ ክብር ተቀበለው። ከዚያ በኮንግሬስ ተመረጠ፤ በ1800 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ።

ማንም ያልፈለገው ወንበር

በ1800 ምርጫ አዳምስ ተሸንፎ ቶማስ ጄፈርሰን አሸነፈ። ሥልጣን ከመረከባቸው በፊት የዋና ዳኛው ቦታ ባዶ ሆነ። አዳምስ ቀድሞ በዚህ ወንበር ተቀምጦ የነበረውን ጆን ጄይን ዳግመኛ ቢጠራው፣ ጄይ ፍርድ ቤቱ ክብደትና ክብር የለውም ብሎ ሹመቱን መለሰው። በዚህ ጊዜ አዳምስ ማርሻልን አጨ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም በጥር ወር 1801 አጸደቀለት። ማርሻል አርባ አምስት ዓመቱ ነበረ።

ጄይ የተናገረው ሐሰት አልነበረም። በአዲሱ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ለፕሬዚዳንቱ ቤት፣ ለኮንግሬስም አዳራሽ ሲሠራ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያሰበለት አልነበረም። ስድስቱ ዳኞች በኮንግሬሱ ሕንፃ ምድር ቤት በአንዲት ክፍል ያስችሉ ነበረ። ፍርድ ቤቱ የራሱን ሕንፃ ያገኘው በ1935፣ ማርሻል ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ማርሻል ከመጀመሪያ ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ታላቅ ነበረ። ቀድሞ እያንዳንዱ ዳኛ የየራሱን ሐሳብ ያነብ ስለ ነበር ሰሚው የፍርድ ቤቱ ቃል የትኛው እንደ ሆነ ይቸግረው ነበረ። ማርሻል ዳኞቹ በአንድ ማረፊያ ቤት አብረው እንዲኖሩ፣ በማዕድ እየተወያዩ እንዲስማሙና ፍርዱ በአንድ ሰው ብዕር የሁሉም ቃል ሆኖ እንዲወጣ አደረገ። ሰይፍ የሌለው ተቋም ቃሉ ሲከፋፈል ኃይሉን ሁሉ እንደሚያጣ ተረድቶ ነበርና።

ስለ አንድ ትንሽ ሹመት የተደረገ ትልቅ ክርክር

አዳምስ ከሥልጣን ሊወርድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ብዙ ዳኞችን ሾመ። ከነዚህ አንዱ ዊልያም ማርበሪ ይባላል፤ ሹመቱም በዋሽንግተን ጥቃቅን ነገር የሚያይ የአምስት ዓመት የሰላም ዳኝነት ነበረ። የሹመቱ ደብዳቤ ተፈርሞ ታትሟል፤ ማኅተሙን ያሳረፈውም ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ራሱ ማርሻል ነው። ነገር ግን በጥድፊያ ለባለቤቱ ሳይደርስ አዲሱ መንግሥት ገባ። ጄፈርሰንም ደብዳቤው እንዳይሰጥ አዘዘ። ማርበሪ አዲሱን ሚኒስትር ጄምስ ማዲሰንን ከሶ፣ ደብዳቤውን እንዲሰጠው ይታዘዝልኝ ሲል በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አመለከተ።

ዛሬ ቢሆን ማርሻል በጉዳዩ እጁ ነበረበትና ከችሎቱ ይነሣ ነበረ፤ ይህ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በዚያን ጊዜ ግን ዋና ዳኛው በሁለት ገደል መካከል ቆመ። ሚኒስትሩ ደብዳቤውን ይስጥ ብሎ ቢያዝዝ ጄፈርሰንና ማዲሰን ትእዛዙን ይንቁታል፤ የሚያስፈጽምበት ወታደርም የለው። ማርበሪ መብት የለውም ብሎ ቢፈርድ ደግሞ ሹማምንት ከሕግ በላይ መሆናቸውን በራሱ አፍ መሰከረ ማለት ነው።

በየካቲት 24 ቀን 1803 የተሰጠው ፍርድ ሦስት ጥያቄዎችን በተራ አነሣ። ማርበሪ በሹመቱ መብት አለው ወይ? አዎን፤ ሹመቱ ተፈርሞ ከታተመ በኋላ የእርሱ ሆኗል። መብቱ ሲነካ ሕግ መድኃኒት ይሰጠዋል ወይ? አዎን፤ ሚኒስትርም ቢሆን ሕግ በግልጥ ያዘዘውን ሥራ አልሠራም ሊል አይችልም። ታዲያ ትእዛዙን ይህ ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል ወይ? እዚህ ላይ ማርሻል መንገዱን ለወጠ። እንዲህ ያለውን አቤቱታ በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ማቅረብ የፈቀደው ኮንግሬስ በ1789 ያወጣው ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚቀርቡትን ነገሮች ለይቶ ወስኗል፤ ይህም በውስጡ የለም። ሕገ መንግሥትና ተራ ሕግ ሲጋጩ የሚጸናው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ ሕጉ ምን እንደሚል መናገር ደግሞ የዳኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ያ የሕግ ክፍል ከንቱ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ትእዛዙን ሊሰጥ አይችልም።

ማርበሪ ሹመቱን ሳያገኝ ቀረ። ጄፈርሰንም ይነቅፈው ዘንድ የሚፈልገው ትእዛዝ አልተሰጠም፤ እንዳይታዘዝ የሚታዘዘው ነገር የለም። ማርሻል ኮንግሬስ የሰጠውን ትንሽ ሥልጣን አልቀበልም ብሎ መለሰ፤ በመመለሱም ሕግን ከሕገ መንግሥት ጋር የማመዛዘንን ትልቅ ሥልጣን ለፍርድ ቤት አተረፈ። አባቶቻችን በሕግ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦ ታሳዝናለች ይላሉ። የማርበሪ ሹመት እንደ ጭብጦዋ ትንሽ ነበረች፤ በርሷ ምክንያት የተነሣው ጥያቄ ግን የመንግሥት ሁሉ ጥያቄ ነበረ።

ጄፈርሰን እስከ ዕለተ ሞቱ በዚህ አልተስማማም። ሕዝብ ያልመረጣቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚሾሙ ሰዎች ሕገ መንግሥቱን እንደ ሰም በእጃቸው እንዳይጠመዝዙት ይሰጋ ነበረ። ይህ ሥጋት ቀላል አይደለም፤ ወደ አገራችን ስንመጣ እንደ ገና እናገኘዋለን።

ባንኩ፣ ሎተሪውና መርከቡ

ማርሻል በቀጣዮቹ ዓመታት በመላው አገር መንግሥትና በስቴቶች መካከል ያለውን ድንበር መከለል ያዘ። ሦስቱን ዋና ዋና ፍርዶች እንጥቀስ።

የመጀመሪያው በ1819 የተሰጠው ነው። ኮንግሬስ አገር አቀፍ ባንክ አቋቁሞ ነበረ። የሜሪላንድ ስቴት በባንኩ ቅርንጫፍ ላይ በዓመት 15,000 ዶላር ወይም በየወረቀቱ ቴምብር የሚያስከፍል ግብር ጣለ። የባልቲሞሩ ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ ጄምስ ማከሎክ አልከፍልም አለ። ሜሪላንድ፣ ሕገ መንግሥቱ ባንክ የሚል ቃል ስለሌለው ባንኩ ራሱ ሕገ ወጥ ነው ስትል ተከራከረች። ማርሻል የፈረደው፣ ሕገ መንግሥት ግብር መሰብሰብን፣ መበደርንና ጦር ማቋቋምን ከፈቀደ እነዚህን የሚፈጽሙበትን ተገቢ መሣሪያም መፍቀዱ ነው በማለት ነው። አንድ ስቴት ደግሞ የመላውን ሕዝብ መሣሪያ በግብር ማፍረስ አይችልም፤ ክፍል በሙሉው ላይ ሊያዝዝ አይችልምና።

ሁለተኛው በ1821 የተሰጠው ነው። ኮኸን የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች የዋሽንግተንን ሎተሪ በቨርጂኒያ ስለ ሸጡ አንድ መቶ ዶላር ተቀጡ። ቨርጂኒያ የኔን ፍርድ ቤት ፍርድ ማንም ሊመረምር አይችልም አለች። ማርሻል ግን የፌዴራል ሕግ ትርጓሜ ያለበት ነገር ሁሉ በይግባኝ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይደርሳል ሲል ወሰነ። ያለዚያ አንዱ ሕገ መንግሥት በየስቴቱ ሌላ ትርጉም ይይዛልና። ይህን ካለ በኋላ ነገሩን መርምሮ መቶ ዶላሩን አጸናው። ቨርጂኒያ ገንዘቡን አሸነፈች፤ መርሑን ግን ተሸነፈች።

ሦስተኛው በ1824 ስለ እንፋሎት መርከብ የተሰጠው ነው። ኒው ዮርክ በውኃዎቿ ላይ መርከብ የማመላለስን መብት ለጥቂት ሰዎች ብቻ ሰጥታ ነበረ። ማርሻል ከስቴት ወደ ስቴት የሚደረገውን ንግድ የሚያዝዘው ኮንግሬስ ነው ብሎ ያን ብቸኛ መብት ሻረው። ወንዞቹ ለነጋዴው ሁሉ ተከፈቱ፤ አገሩም አንድ ገበያ ወደ መሆን ተቃረበ።

ፍርድ ተሰጥቶ ሳይፈጸም ሲቀር

የማርሻል ሕይወት ድል ብቻ አይደለም። በ1832 ሳሙኤል ወስተር የተባለ ሚሲዮናዊ ያቀረበው ይግባኝ ደረሰው። ወስተር በቼሮኪ ሕንዶች ምድር ያለ ጆርጂያ ስቴት ፈቃድ ኖረሃል ተብሎ አራት ዓመት ከባድ እስራት ተፈርዶበት ነበረ። ማርሻል ቼሮኪዎች ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ውል ያላቸው ራሱን የቻለ ሕዝብ መሆናቸውን፣ የጆርጂያም ሕግ በምድራቸው እንደማይሠራ ፈረደ።

ጆርጂያ ፍርዱን ናቀችው። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንም ቼሮኪዎች ከምድራቸው እንዲነሡ ይፈልግ ስለ ነበረ ለፍርዱ ክንዱን አላነሣም። ወስተር እስር ቤት ከርሞ በ1833 የወጣው በስቴቱ ገዥ ምሕረት ነው። ቼሮኪዎች ግን በ1838 በወታደር ተገድደው ወደ ምዕራብ ተሰደዱ፤ በጉዞውና በመቆያ ሰፈሮቹ ውስጥ አራት ሺህ ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። በሕግ አምላክ ተብሎ ተጠራ፤ ዱላው ግን አልወረደም።

ሌላም ጉድለት አለበት፤ ይህ የራሱ ነው። ማርሻል በዘመኑ ሁሉ ባሮች ይገዛና ያሠራ ነበረ። የባሪያ ንግድ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር እንደሚቃረን በፍርዱ ጽፎ ሳለ፣ በችሎቱ የባሪያ አሳዳሪዎችን ንብረት ከመጠበቅ አልተመለሰም። ታላቅ ሰው በአንድ በኩል አርቆ አይቶ በሌላ በኩል ዕውር ሊሆን እንደሚችል ይህ ያስተምራል። የሕገ መንግሥት ጥበብ ብቻውን ጻድቅ አያደርግም።

ጠባዩና ፍጻሜው

ሰውነቱ ረዥምና ቀጭን፣ አለባበሱ ቸልተኛ፣ ጠባዩም ተጫዋችና ትሑት ነበረ። በሪችመንድ ገበያ አንድ ወጣት የገዛውን ተርኪ የሚባል ትልቅ ዶሮ የሚሸከምለት ሰው ሲፈልግ፣ ዋና ዳኛውን ተራ ሰው መስሎት እንዳሸከመውና ማርሻልም ዝም ብሎ እስከ ቤቱ እንዳደረሰለት ይተረካል። ወንበሩ እንዲከበር ይተጋ ነበረ እንጂ ራሱ እንዲከበር አይጨነቅም ነበረ።

በሐምሌ 6 ቀን 1835 በፊላደልፊያ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ዐረፈ፤ በሪችመንድም ከባለቤቱ አጠገብ ተቀበረ። በርሱ ዘመን ፍርድ ቤቱ ከሰጣቸው ከሺህ የሚበልጡ ፍርዶች 519ኙን የጻፈው ራሱ ነው። ስድስት ፕሬዚዳንቶች ሲፈራረቁ እርሱ በወንበሩ ነበረ። ጄይ ክብር የለውም ያለውን ፍርድ ቤት ክብር ሰጥቶት ሞተ።

የኢትዮጵያ መንገድ

አገራችን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም.፣ የተሻሻለውን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. አወጣች። ከ1945 እስከ 1955 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ተዋሕዳ ሳለች የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚለው ስም ታወቀ። ዛሬ ያለው ፌዴራላዊ ሥርዓት የቆመው ግን በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው።

ይህ ሕገ መንግሥት በዘጠነኛው አንቀጽ፣ ከርሱ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ሕግ፣ ልማድም ሆነ የሹም ውሳኔ እንደማይጸና ይደነግጋል። እስከዚህ ድረስ ከማርሻል ጋር አንድ ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጐምን የመጨረሻ ሥልጣን ግን ለዳኞች አልሰጠም፤ በስድሳ ሁለተኛው አንቀጽ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠው። ምክንያቱም ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ነውና ቃል ኪዳኑን ሊፈቱት የሚገባቸው ባለቤቶቹ ናቸው የሚል ነው። በምክር ቤቱ እያንዳንዱ ብሔር ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ በየአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። የወላይታም ወኪሎች በዚያ ይቀመጣሉ። የጄፈርሰን ሥጋት በዚህ መልስ አገኘ ማለት ይቻላል። በሌላው ወገን ደግሞ፣ በፖለቲካ የተመረጠ ሰው በራሱ ወገን ላይ ለመፍረድ ይቸገራል የሚሉ የሕግ ሊቃውንት አሉ። ሁለቱም ክርክር በተማሪው ሊመዘን የሚገባው ነው።

ዳኞቹ ፈጽሞ ከነገሩ አልወጡም። ለምክር ቤቱ ሐሳብ የሚያቀርብ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፤ አባላቱ አሥራ አንድ ሲሆኑ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። በማንኛውም ፍርድ ቤት፣ በጉኑኖም ቢሆን፣ የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚያሻው ጥያቄ ሲነሣ ፍርድ ቤቱ ወይም ባለጉዳዩ ለአጣሪ ጉባኤው ሊያቀርበው ይችላል። ጉባኤው ትርጉም ያስፈልገዋል ያለውን ለምክር ቤቱ ይልካል፤ ምክር ቤቱም በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲወስን ታዝዟል። በ1996 ዓ.ም. ምክር ቤቱ፣ ተከራካሪ ሳይፈቅድ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ሊዳኝ አይችልም ብሎ ተቃራኒውን ፍርድ ሽሯል።

ፍርድ ቤቶቹም የራሳቸው ሰፊ መስክ አላቸው። አንድ የጉኑኖ ገበሬ ስለ ይዞታው ቢከራከር ነገሩ ከወረዳው ፍርድ ቤት ይጀምራል፤ በይግባኝ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የመጨረሻው ፍርድ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ቢባል፣ በሕግ በተወሰነው መንገድ አዲስ አበባ ባለው በፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት ሊታይ ይችላል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ችሎት ለሕግ የሚሰጠው ትርጓሜ የክልል ፍርድ ቤቶችን ጭምር ያስገድዳል። ማርሻል በመቶ ዶላሩ ሎተሪ ያነሣው ጥያቄ፣ ማለት አንዱ ሕግ በየአገሩ ልዩ ልዩ ትርጉም እንዳይኖረው ማድረግ፣ በእኛ ዘንድ ለዚህ ችሎት የተሰጠ ሥራ ሆነ።

ለወጣቱ ሹም

ጉኑኖ በአፈርና በውኃ ጥበቃ ትታወቃለች፤ የአፈር መሸርሸር የሚጠናበት ጣቢያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነበረባት። በዚያ አገር ያለ ገበሬ እርከን ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ከፍ ብሎ ያለው ሰው እርከኑን ቢያፈርስ ጐርፉ የሚወስደው ከበታቹ ያለውን የጐረቤቱን እንሰት ነው። የመንግሥት ሥልጣንም እንደ ዝናብ ነው፤ በየእርከኑ ሲያዝ ያለማል፤ እርከኑ ሲፈርስ ያጠፋል።

እርከኑን የሚጠብቀው በዋና ከተማ ያለው ዳኛ ብቻ አይደለም። ወስተር በፍርድ ቤት አሸንፎ በእስር ቤት የቀረው ፍርዱ ስለ ተሳሳተ ሳይሆን ፍርዱን የሚፈጽም ሹም ስለ ታጣ ነው። ነገ ለጽሕፈት ቤቱ የማይስማማ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው ወጣት ሹም ይህን ያስብ። የታሰረውን ፍታ፣ የወሰድከውን መሬት መልስ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ዱላውን ያነሣው እርሱ ራሱ ነው። ፍርዱ ስሕተት መስሎ ከታየው ይግባኝ የሚባልበት መንገድ አለ፤ ወረቀቱን በመሳቢያ መደበቅ ግን ይግባኝ አይደለም። በዚያች ሰዓት ሕገ መንግሥቱ መኖሩ ወይም አለመኖሩ የሚታወቀው ክንዱን በማውረዱ ወይም ባለማውረዱ ነው።